በየወሩ እየከፈልን ፈረሱን ለብቻው ለምን ይሸጡልናል?

ዘብ_ማታ (ክሩን የከፈተው) · ሐሙስ ጥቅምት 13

ሰላም ለቤቱ። ጽሑፉ ይረዝማል፤ ቡና ያላችሁ ይዛችሁ ቅረቡ።

ዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍት የሚባለውን የኦንላይን ጨዋታ የጀመርኩት በሊች ኪንግ ምዕራፍ ጊዜ ነው። ለፍራንክፈርት ገና እንግዳ ነበርኩ። ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እጠብቃለሁ፣ ቀን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እጫወታለሁ። በዚያን ጊዜ የምዕራፉን ዋና ጠላት፣ ሊች ኪንግን፣ በ25 ሰው፣ በከባዱ ደረጃ የጣለ ቡድን ኢንቪንሲብል የሚባለውን ክንፋም ፈረስ ያገኝ ነበር። ለ25 ሰው አንድ ፈረስ! ዕጣ ይወጣና አንዱ ይወስዳል፤ ሃያ አራቱ «እንኳን ደስ አለህ» ብለው አንጀታቸው እያረረ ይተኛሉ። ያ ፈረስ የጨዋታው ከተማ ዳላራን ላይ ሲያርፍ ሁላችንም የያዝነውን ትተን እናይ ነበር። የማናውቀውን ሰው «እንዴት አገኘኸው?» እንለዋለን፣ እሱም ቁጭ ብሎ ያወራናል። እኔ በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም ያለ ወሬ ያወራሁት ከእንዲህ ዓይነት ባለ ፈረስ ጋር ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2010 መጣ። የጨዋታው ባለቤት ብሊዛርድ ሰለስቲያል ስቲድ የሚባል ሌላ ክንፋም ፈረስ፣ ገላው በከዋክብት የተሞላ፣ በድረ ገጹ ላይ በ25 ዶላር አወጣ። የመግዣው ወረፋ ከ140 ሺህ በላይ ደረሰ። ወዲያው የዳላራን ሰማይ አንድ ዓይነት ፈረስ ሆነ። ማንንም «እንዴት አገኘኸው?» ብለህ አትጠይቅም። መልሱን ታውቀዋለህ፤ ካርዱን አውጥቶ ነው።

ፈረሱ ጉልበት አይጨምርም፣ አይዋጋም፣ እሱ ይገባኛል። ጨዋታው ነጻ ቢሆን መሸጡም ይገባኝ ነበር። ዶታ 2 ነጻ ነው፣ ፎርትናይት ነጻ ነው፤ ልብስ ሸጠው ነው የሚኖሩት። እኔ ግን በየወሩ 12.99 ዩሮ እከፍላለሁ፣ አዲስ ምዕራፍ በወጣ ቁጥር ደግሞ እሱንም እገዛለሁ። የእድር መዋጮዬን ሳላዛንፍ እየከፈልኩ ልቅሶ ቤት ስደርስ «አግዳሚው በመዋጮው ነው፣ ትራስ ያለው ወንበር ግን ለብቻው ይከፈላል» ቢሉኝ ምን እላለሁ?

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የባሰው መጣ። ለጨዋታው 20ኛ ዓመት ብለው ባለ ወርቅ ልባጡን ብሩቶሶር፣ ያን የሚያህል ዳይኖሰር፣ በ90 ዶላር ሸጡት። ጀርባው ላይ የጨረታ ቤትና ፖስታ ቤት ተሸክሟል። ይሄም ጌጥ ነው?

ጥያቄዬ አንድ ነው። ወርሃዊውን የምንከፍለው ለሰርቨር ኪራይ ብቻ ነው ወይስ በር ውስጥ ላለው ሁሉ?

ቆሎ_ቆርጣሚ · ሐሙስ ጥቅምት 13

ካልፈለግህ አትግዛው፣ አለቀ። ይህን ሁሉ በጻፍክበት ሰዓት ብትሠራበት ፈረሱን ይገዛልህ ነበር።

ዘብ_ማታ · ሐሙስ ጥቅምት 13

ሥራ ላይ ሆኜ ነው የጻፍኩት። እንደ ሒሳቡ ከሆነ ፈረሱ ተገዝቷል ማለት ነው።

«አትግዛው» የሚለውን 15 ዓመት ሰማሁት። አልገዛሁም። አለመግዛቴ ግን ከተማው የሚመስለውን አልቀየረውም፤ የምኖረው እኮ ከገዙት ጋር ነው።

እመቤት_ጮኮቦ · ዓርብ ጥቅምት 14

እኔ ገዢ ነኝ፤ ድንጋይ የያዘ ካለ ከወዲሁ ያስቀምጥ።

የምጫወተው ፋይናል ፋንታሲ 14 ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ። እኛም ወርሃዊ እንከፍላለን፣ እኛም ሞግ ስቴሽን የሚባል ሱቅ አለን። አንዳንዱ ዕቃ ለሱቁ ብቻ የተሠራ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የበዓል ልብስ ነው፤ በዓሉ ሲከበር በነጻ ይሰጡሃል፣ ያመለጠህ እንደሆነ ዓመት ቆይቶ ሱቁ ውስጥ በዋጋ ታገኘዋለህ። በዚህኛው አላኮርፍም። በዓሉን ያላከበረ ሰው ሹራቡን ሲገዛ ያከበረው ምን ይጎድልበታል?

ሰርግ ላይ ግን ሳቄ ይመጣል። ሁለት ተጫዋቾች ቃል ኪዳን ሊያስሩ ሲፈልጉ ሦስት ዓይነት ድግስ ይቀርብላቸዋል፤ ነጻው፣ የወርቁና የፕላቲነሙ። ነጻውም ሰርግ ነው፤ ቀለበት አለው፣ እንግዳ ይጠራበታል። ባለ ክፍያዎቹ ልብስና ለሁለት የሚቀመጡባት ጮኮቦ (የሚጋለብ ትልቅ ወፍ) ይጨምሩበታል። ጓደኛዬ በነጻው ልትዳር ስትል የቡድናችን ሰዎች መዋጮ አዋጥተን ወደ ፕላቲነም አሳደግናት። ሀበሻ ሰርግ አይቶ ዝም ይላል እንዴ? ያን ቀን ያወጣሁት ገንዘብ ቆጭቶኝ አያውቅም።

ዘብ_ማታ፣ የምትለው የልብ ነገር ይገባኛል። ግን ሁሉም ልብስ ሜዳሊያ አይደለም። አንዳንዱ ቀሚስ ቀሚስ ብቻ ነው። ቀን ሙሉ የሆስፒታል ዩኒፎርም ለብሼ ውዬ ማታ ቀይ ካባ ባምረኝ ከየትኛው ቦስ (አለቃ ጠላት) ሬሳ ላይ ገፍፌ እንዳመጣሁት ለማንም መንገር አልፈልግም።

ጎፈር · ዓርብ ጥቅምት 14

> ሁሉም ልብስ ሜዳሊያ አይደለም

እህቴ፣ እውነት ነው፤ አንዳንዱ ግን ነው። በአገራችን ድሮ የአንበሳ ጎፈር የሚደርበው የገደለ ነው። ጎፈሩ መርካቶ ቢሸጥ ያማረ ቆዳ ይሆናል እንጂ ማዕረግ አይሆንም። ገዝቶ የለበሰው ሰው ቢፎክር ማን ይሰማዋል?

ቆሎ_ቆርጣሚ · ዓርብ ጥቅምት 14

የወርቅ ጥልፍ ካባስ? እሱን የለበሰ ሁሉ ምን ገድሎ ነው? ድሮም ግማሹ በጀግንነት፣ ግማሹ በሀብት፣ ግማሹ ደግሞ በአማችነት ነው የለበሰው።

ጎፈር · ዓርብ ጥቅምት 14

ሦስት ግማሽ?

ቆሎ_ቆርጣሚ · ዓርብ ጥቅምት 14

ሹመት ላይ ሒሳብ የለም።

[ይህ መልእክት የጨዋታ ወርቅ በብር እንሸጣለን የሚል ማስታወቂያ ስለሆነ በአወያይ ተነሥቷል]

ጋሽ_ኮከብ · ዓርብ ጥቅምት 14

ልጆች፣ ስለ ፈረስ ስታወሩ የእኛን የአንድ ዓይን መነጽር ነገር የሚያስታውስ ጠፋ?

እኔ ኢቭ ኦንላይን የሚባለው የጠፈር መርከብ ጨዋታ ሰው ነኝ፤ ስቶክሆልም ሆኜ ከ2006 ጀምሮ (በፈረንጁ)። ጨዋታው የአይስላንዱ የሲሲፒ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2011 ኢንካርና የሚባል ማስፋፊያ አወጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ መርከብ እንጂ ሰውነት አልነበረንም፤ ኢንካርና ሰውነት ሰጠን። ሰውነት ከመጣ ልብስ ይመጣል፣ ልብስ ከመጣ ሱቅ ይመጣል። ሱቁን የተከበረ ስም ሰጡት፣ ለብቻው ገንዘብም ፈጠሩለት፣ ኦረም የሚባል። በመጀመሪያው ቀን ከቀረቡት መካከል ለአንድ ዓይን ብቻ የሚሆን መነጽር ነበረበት፤ ዋጋው ወደ እውነተኛ ገንዘብ ሲመነዘር ከ60 ዶላር በላይ። የአራት ወር ክፍያ ማለት ነው!

አሁን ዋናውን ስሙ። ልብሱን ለብሰህ የምትገባው የካፒቴኑ ክፍል ውስጥ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ የግልህ ነው፣ ሌላ ተጫዋች አይገባበትም። በር አለው፣ በሩ አይከፈትም። እንግዲህ 60 ዶላር ከፍለህ መነጽር ታደርጋለህ፣ ብቻህን ክፍል ውስጥ ትንጎራደዳለህ፤ ሌላው ሰው የሚያይህ በፎቶህ ላይ ብቻ ነው። ዘብ_ማታ ያለውን ፈረስ የገዛ ቢያንስ ይታይበታል፤ እኛ መታየቱም ቀረብን።

ሕዝቡ ሲጮህ ከኩባንያው ሰዎች አንዱ ለመከላከል ብሎ ዋጋውን ከ1,000 ዶላር የጃፓን ጂንስ ጋር አነጻጽሮ ጻፈ። እሳት ላይ ቤንዚን። በዚያው ሰሞን ለሠራተኞቻቸው የሚያዘጋጁት የውስጥ መጽሔት ሾልኮ ወጣ፤ ስግብግብነት ጥሩ ነው ወይ የሚል ነገር ከሽፋኑ ጀምሮ ይነበባል። ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ነገ ጥይትና መርከብም ሊሸጡ ነው የሚል ፍርሃት ያኔ ነው የገባን።

ከዚያ ጂታ ላይ ወጣን። ጂታ የኢቭ መርካቶ ነው፤ ሁሉም ንግድ እዚያ ነው። አደባባዩ ላይ የቆመ ሐውልት አለ፣ መቼም ተተኩሶበት የማይፈርስ። በመቶዎች ሆነን ከብበን ተኮስንበት። የሚፈርስ ነገር የለም፣ የሚገደል የለም፤ ሰርቨሩ ግን ሲያቃስት ይታይህ ነበር። ተራዬን ተኩሼ እራት ሠርቼ ተመለስኩ፤ አሁንም ይተኮሳል። ተጫዋቾቹ የመረጥናቸው ምክር ቤት አለን፣ እነሱን በአስቸኳይ ሬይኪያቪክ ድረስ አስጠሯቸው። በኦክቶበር ዋናው ሥራ አስኪያጅ ሂልማር ፔተርሰን ተሳስቻለሁ ብሎ በራሱ ስም የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ። በዚያው ወር ከሠራተኛው 20 በመቶ የሚሆነው ተቀነሰ። መነጽሩን የሸጠው ሰው አይመስለኝም የተቀነሰው። ይሄ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

የካፒቴኑ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋ። በሩ እስከመጨረሻው አልተከፈተም።

ዘብ_ማታ · ዓርብ ጥቅምት 14

ጋሼ፣ ይሄን ታሪክ በስማ በለው ነበር የማውቀው። እርስዎስ መነጽሩን ገዝተው ነበር?

ጋሽ_ኮከብ · ዓርብ ጥቅምት 14

አልገዛሁም። ከዓመታት በኋላ ግን በጨዋታው ገንዘብ ከሌላ ተጫዋች ገዛሁት። ለማስታወሻ። አሁን ፎቶዬ ላይ አለ፤ አዳዲሶቹ ልጆች «ጋሽዬ ሀብታም» ይሉኛል።

ሒሳብ_ይዘህ_ና · ቅዳሜ ጥቅምት 15

ስሜቱን ሰማን፤ ቁጥሩን ደግሞ እንይ።

ዎርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ የአሜሪካ ወርሃዊ ክፍያው 14.99 ዶላር ነበር። ዛሬም 14.99 ነው። የያኔው 15 ዶላር በዛሬ አቅም ሲሰላ ወደ 25 ይጠጋል። ዳቦ፣ ቤት ኪራይ፣ የፕሮግራመር ደመወዝ፣ ሁሉም ጨምሯል፤ እሱ ብቻ አልጨመረም። ልዩነቱን ከየት ያምጡት? ፈረስ ከሚወድ ሰው። እኔ ፈረስ ስለማልወድ በርካሽ እጫወታለሁ። ዘብ_ማታ የሚያማርረው ሱቅ የእሱን መዋጮ እየደጎመለት ነው።

ፈረሱ ጨዋታውን ገደለው የሚል ካለም፣ ዎርክራፍት ከፍተኛ ቁጥሩን፣ 12 ሚሊዮን ከፋይ፣ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 ነው። ከፈረሱ ስድስት ወር በኋላ።

ጎፈር · ቅዳሜ ጥቅምት 15

አምስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ 5.5 ሚሊዮን ደረሰና ቁጥሩን መናገሩን ተዉት። ፈረሱ ገደለው እያልኩ አይደለም፤ 12 ሚሊዮኑም ለፈረሱ ብሎ አልመጣም።

ዘብ_ማታ · ቅዳሜ ጥቅምት 15

እሺ ጨምሩብኝ! 20 ዩሮ እከፍላለሁ፣ ሱቁን ዝጉልኝ። የሚሸጥ ሁሉ ጨዋታው ውስጥ ይደበቅ፣ ፈልጌ ላግኘው።

ጋሽ_ኮከብ · ቅዳሜ ጥቅምት 15

የዋህ ነህ ልጄ። ኢቭ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ14.99 ወደ 19.99 ጨመረ። ሱቁ ተዘጋ? አልተዘጋም። ሁለቱንም ነው የሚወስዱት።

ሒሳብ_ይዘህ_ና · ቅዳሜ ጥቅምት 15

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ለጋሼ ነጥብ።

ቀለም_ነክ · ቅዳሜ ጥቅምት 15

ቴል አቪቭ ነኝ፣ ሥራዬ ሦስት ልኬት ሞዴል መሥራት ነው፤ የት እንደምሠራ አልናገርም። ከእነዚህ ኩባንያዎች በአንዱም አይደለም። ከሙያው በኩል አንድ ነገር ልጨምር፤ ሱቅ ውስጥ የሚበዛው ለምን ፈረስና ዘንዶ እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ልብስ ብዙ ዘር ባለበት ጨዋታ ውስጥ ቅጣት ነው። የራስ ቁር ሠራህ እንበል። ለሰው ልክ ሆነ። አሁን ለድንክዬው፣ ቀንድ ላለው፣ ጆሮው ክንድ ለሚያህለው፣ አፍንጫው ወደ ፊት ለወጣው፣ ለወንዱም ለሴቱም ማስተካከል አለብህ። ፀጉሩ በብረቱ በኩል ይወጣል፣ ቀንዱ ይሰወራል፣ ጢሙ አንገትጌው ውስጥ ይገባል። የሚጋለብ እንስሳ ግን አንድ አጥንት፣ አንድ ቆዳ፣ አንድ አረማመድ ነው፤ ላዩ ላይ ማንም ይቀመጥበት። አጥንቱ ቀድሞ ካለ ደግሞ ቀለም ቀይረህ ክንፍ ትቀጥልለታለህ። ዋጋው ከልብሱ ይበልጣል፣ ድካሙ ያንሳል። ብሊዛርድ እ.ኤ.አ. በ2013 ሱቁን ጨዋታው ውስጥ ሲያስገባ የራስ ቁሮችን በ15 ዶላር ይዞ ቀርቦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዝርዝር ብታዩ እንስሳው ነው የሚያመዝነው።

ስለዚህ «ለሱቁ ሲሉ የእኛን ልብስ አስቀሩብን» የሚለው ወቀሳ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ልክ የሚሆነው አንድ ቦታ ላይ ነው። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ከሬይድ (በቡድን ከሚገባበት ከባድ ዘመቻ) የሚወርዱት እንስሳት የቀለም ለውጥ ብቻ ሆነው የሱቁ አዲስ አጥንት ይዞ ሲመጣ። ያን ጊዜ አለቃ የት ቦታ ሰዓት እንዳስመደበ ማንም ባለሙያ አይቶ ያውቀዋል።

እመቤት_ጮኮቦ · ቅዳሜ ጥቅምት 15

ጢሙ አንገትጌው ውስጥ ይገባል! እኔ የኮምፒውተሬ ችግር ይመስለኝ ነበር።

አዳር_ተረኛ · ቅዳሜ ጥቅምት 15

የትሬዲንግ ፖስቱን ነገር ማንም አላነሳም። ዎርክራፍት ውስጥ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በየወሩ እስከ 1,000 ቴንደር የሚባል የጨዋታ ገንዘብ ታገኛለህ፤ ግማሹ ከፋይ በመሆንህ ብቻ፣ ግማሹ ትንንሽ ሥራ ስትሠራ። በእሱ ልብስም እንስሳም ትገዛለህ፤ ድሮ ሱቅ ውስጥ በገንዘብ ይሸጡ ከነበሩት አንዳንዶቹም እየመጡበት ነው። የፈለግኸውን ለመግዛት ካልበቃህ አንዱን ለሚቀጥለው ወር ታስይዘዋለህ። ዘብ_ማታ የጠየቅኸው ይሄ አይደለም? መዋጮ የከፈለ ሰው ከመዋጮው ልብስ አገኘ።

ጉድለቱ፣ የወር አስቤዛ ዓይነት ነገር ሆኖብኛል። ወር ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ዓሣ ሳጠምድ፣ ድመት ስዳብስ ራሴን አገኘዋለሁ። መዝናናቱን ትቼ ዝርዝር ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

ሁለት_ልጆች_አሉኝ · ቅዳሜ ጥቅምት 15

ተጫዋች አይደለሁም፣ ልጄ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ጨዋታ ላይ ወርሃዊውን እኔ እከፍልለታለሁ፤ ካርዴ እዚያው ተቀምጦ ኖሮ ባለፈው ወር የክንፍ፣ የሰይፍ፣ የውሻ ሒሳብ መጣብኝ። ውሻው ምግብ ይበላል ወይ ብዬ ብጠይቀው «አባ፣ ኮስሜቲክ ነው» አለኝ። ኮስሜቲክ እኔ የማውቀው እናቱ የምትቀባውን ነው። ካርዱን እንዴት ነው የምቆልፈው?

አወያይ · ቅዳሜ ጥቅምት 15

ወንድሜ፣ አካውንቱ ውስጥ የወላጅ መቆጣጠሪያ የሚል ክፍል ይኖራል፤ ለግዢ ገደብ ወይም የይለፍ ቃል ማስገባት ይቻላል። ከሁሉም ቀላሉ ግን ካርዱን አንሥቶ በቅድሚያ የተሞላ የስጦታ ካርድ መጠቀም ነው። ያለቀ ቀን ያልቃል።

ፒንግ_200 · እሑድ ጥቅምት 16

አዲስ አበባ ነኝ። ሁለት ቀን መብራትና ኔት እየተፈራረቁብኝ ክሩን በስልክ ሳነብ ቆየሁ። ዘብ_ማታን ታውቁታላችሁ፣ አንድ ጊልድ (ቋሚ የተጫዋቾች ቡድን) ውስጥ ነን።

ለእናንተ 13 ዩሮ ምን እንደሆነ አላውቅም። ለእኔ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ በባንክ ዋጋ ከ140 በላይ ነው። ወርሃዊው ክፍያ ሳይነቃነቅ በእኔ ኪስ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ከ2,000 ብር በላይ። ብሩ ቢኖረኝስ? ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ለማግኘት በአብዛኛው የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ እኔ የለኝም።

ታዲያ እንዴት እጫወታለሁ? በቶክን። አንዱ አውሮፓ ያለ ሰው በእውነተኛ ገንዘብ ቶክን ይገዛና ጨረታ ቤት ያወጣዋል። እኔ በማዕድን፣ በቅጠል፣ በጨረታ ቤት ንግድ ባጠራቀምኩት ወርቅ እገዛዋለሁ፤ 30 ቀን ያጫውተኛል። ሰውዬው ወርቅ አገኘ፣ እኔ ወር አገኘሁ። ስለዚህ ሱቁን ዝጉልኝ ስትሉ ቀስ በሉ፤ ቶክኑም የሚሸጠው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። እሱ ሲዘጋ እኔ ውጭ ነኝ።

ሌላም አለ። ከ2017 (በፈረንጁ) ወዲህ ቶክኑን በወር ፋንታ ወደ አካውንትህ ቀሪ ሒሳብ መቀየር ይቻላል፣ በቀሪ ሒሳቡ ደግሞ ከሱቁ መግዛት ይቻላል። ሰለስቲያል ስቲዴን ያገኘሁት እንዲያ ነው። ሁለት ቶክን። አንድ ክረምት ሙሉ ድንጋይ ፈልጫለሁ፣ ሌሊት ኔቱ ሲሻል እየተነሣሁ። አንድም ሳንቲም አላወጣሁም።

ዘብ_ማታ «መልሱን ታውቀዋለህ፣ ካርዱን አውጥቶ ነው» ብለህ ጽፈሃል። ስንት ጊዜ ከጎንህ አረፍኩ በዚያ ፈረስ፤ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?

ጎፈር · እሑድ ጥቅምት 16

ኧረ!

ቀለም_ነክ · እሑድ ጥቅምት 16

ቆይ፣ ታዲያ ይሄ የተገዛ ነው ወይስ የተሠራበት?

ሒሳብ_ይዘህ_ና · እሑድ ጥቅምት 16

ሁለቱም። ኩባንያው ከዋናው ዋጋ በላይ አግኝቶበታል፤ ቶክን በ20 ሸጦ ቀሪ ሒሳብ ላይ ያነሰ ነው የሚያስገባው። ድንጋዩን የፈለጠው ፒንግ፣ ገንዘቡን ያወጣው የማናውቀው አውሮፓዊ፣ ትርፉ የብሊዛርድ። ከ25 ዶላሩ ፈረስ ሁሉ ውዱ ይሄ ነው።

ዘብ_ማታ · እሑድ ጥቅምት 16

ዱባይ ያለችው እህትህ የገዛችልህ መስሎኝ ነበር። እውነቴን ነው። አልጠየቅሁህም፣ ምክንያቱም… በቃ አልጠየቅሁህም።

በሐሳቤ ግን ከነገሩ አልወጣሁም። ኢንቪንሲብል ቢሆን ኖሮ እጠይቅህ ነበር። ያኛው በራሱ ያስጠይቃል፤ ይሄኛው አያስጠይቅም፣ የአንተ ክረምት እንኳ ቢኖርበት ከላይ አይታይም። እኔ የምጠላው ይሄን መሰለኝ። ያንተን ፈረስ የሱቅ ፈረስ ያስመሰሉብህ እነሱ ናቸው።

ፒንግ_200 · እሑድ ጥቅምት 16

ወይም አንተ ነህ።

እመቤት_ጮኮቦ · እሑድ ጥቅምት 16

እኔ ከዚህ ክር ወጥቼ ሻይ ላፍላ።

ቆሎ_ቆርጣሚ · እሑድ ጥቅምት 16

ስለ 90 ዶላሩ ዳይኖሰር ግን ተረሳሳ። ዘብ_ማታ ጌጥ ነው ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። አይደለም። ጫካ መሐል ቆመህ ዕቃ የምትሸጥበት፣ ፖስታ የምትቀበልበት ነገር መገልገያ ነው። የቀድሞው ብሩቶሶር በጨዋታው ወርቅ 5 ሚሊዮን ነበር፣ በ2020 ከነጋዴው ላይ አነሡት። አራት ዓመት ጠብቀው የልጅ ልጁን በዶላር አመጡት። እኔ «አትግዛ» ባይ ነኝ፣ ይሄኛው ግን ለእኔም ከበደኝ።

ሒሳብ_ይዘህ_ና · እሑድ ጥቅምት 16

ቆሎ ከዘብ_ማታ ጋር ተስማማ። ቀኑን መዝግቡልኝ።

ዘብ_ማታ · ሰኞ ጥቅምት 17

ልናዘዝ። ጊልዳችን ውስጥ ያን ዳይኖሰር የገዛ አንድ ደች አለ። ትናንት ሬይድ ልንገባ ስንል መድኃኒት ረስቼ መጣሁ። ከተማ ተመልሼ ብገዛ ሃያ ሰው ይጠብቀኛል። ደቹ ሳይነግሩት ዳይኖሰሩን በሩ ላይ አቆመልኝ፤ ከጀርባው ላይ ገዛሁና ገባሁ። አመሰገንኩት። አሁንም ግን ጌጥ አይደለም!

ፒንግ_200 · ሰኞ ጥቅምት 17

አይቼሃለሁ፤ ከሆዱ ሥር ተሸጉጠህ ነበር።

ይልቅ የረቡዑ ሬይድ ስንት ሰዓት ነው? ትናንት ሰዓታችሁ ተቀይሯል መሰለኝ። ለእኔ እስካሁን ማታ 3 ሰዓት ነበር።

ዘብ_ማታ · ሰኞ ጥቅምት 17

በእኛ 20:00፣ አልተቀየረም። በአንተ 4 ይሆናል።

ፒንግ_200 · ሰኞ ጥቅምት 17

ሀበሻ 4?

ዘብ_ማታ · ሰኞ ጥቅምት 17

ሀበሻ 4። በፈረሱ ና፣ እጠይቅሃለሁ።